ከልጄ ጃኬት ኪስ የወጣው ሰማያዊ ክኒን

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ19 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም አብሮን ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ልብሱን ላጥብ ብዬ ጃኬቱን ስፈትሽ በትንሽዬ ላስቲክ የተጠቀለሉ አራት ሰማያዊ ክኒኖች አገኘሁ። በአንድ ገጻቸው ‹ኤም›፣ በሌላው ‹30› የሚል አለባቸው። ስጠይቀው ‹ለወገቤ ነው፤ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ፤ የፋርማሲ መድኃኒት ነው› አለኝ። ጋንጃ አልፎ አልፎ እንደሚያጨስ ግን አልካደም። እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ለአባቱ ብነግረው ቤታችን ይፈርሳል። አንዴ አገር ቤት ልላከው እላለሁ፣ አንዴ ጸበል ልውሰደው እላለሁ። እውነት መድኃኒት ከሆነ ደግሞ የምጨነቀው በባዶ ሜዳ ነው። ምን ትመክረኛለህ?
እንቅልፍ ያጣች እናት»

እህቴ፣ አንቺ ማለቴን በድፍረት አትቁጠሪብኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ የማውቅሽ ያህል ነው የተሰማኝ።

ከሁሉ በፊት፣ ክኒኖቹ አሁን የት ናቸው? እሱን አልጻፍሽልኝም። መሳቢያ ውስጥ ከሆኑ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ፣ ይሄን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሚና ሄደሽ ቆልፊባቸው። ለልጅሽም አትመልሺለት። በእጄ ነካኋቸው ብለሽ ግን አትስጊ። «ነክቶት ብቻ ወደቀ» የሚባለው የኢንተርኔት ወሬ ነው። ክኒን በመንካት ሰው አይመረዝም። እጅሽን በውሃና በሳሙና ታጠቢ፣ በቃ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እውነት መድኃኒት ነው ወይ?

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው ክኒን ስቆጥር ነው። ያንን ክኒን መዳፌ ላይ ብታስቀምጪልኝ ግን አይቼ ልነግርሽ አልችልም። እንዲያ መልክ ያለው እውነተኛ መድኃኒት አለ። ኦክሲኮዶን ይባላል፣ ባለ 30 ሚሊግራም፣ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው። ሰማያዊ፣ ክብ፣ በአንድ በኩል ኤም፣ በሌላ በኩል 30። አስመሳዮቹም የመረጡት ሰው ስለሚያውቀው ነው። የክኒን መጭመቂያ ማሽን፣ ሰማያዊ ቀለም፣ የኤም ቅርጽ ያለው ማተሚያ ካላቸው ሥራው አለቀ። ውስጡ ብዙ ጊዜ ኦክሲኮዶን የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ፌንታኒል የሚባል እጅግ ብርቱ፣ ሰው ሠራሽ የሕመም ማደንዘዣ ነው ያለው።

ደግሞ አንቺ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠሪው። የኦክሲኮዶንን አያያዝ ከእኔ ባልተናነሰ ታውቂዋለሽ። በቁልፍ ነው፣ በቆጠራ ነው፣ በፊርማ ነው። ከፋርማሲ ሲወጣም የታካሚው ስም፣ የሐኪሙ ስምና ቀኑ በተጻፈበት ብልቃጥ ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ ጃኬት ኪስ ውስጥ የተገኘ ክኒን የፋርማሲ ነው ቢሉሽ አትመኚ።

ይህን ስል ልጅሽ ዋሽቶሻል ማለቴ አይደለም። እሱም የሚያምነውን ነግሮሽ ይሆናል። ጓደኛው የፋርማሲ ነው ብሎታል፤ ለጓደኛው ደግሞ በሶሻል ሚዲያ የሸጠለት ሰው እንዲያው ብሎታል። ያ ሻጭ ራሱ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ከሁሉም በላይ እንቅልፍ ሊነሳሽ የሚገባው ይሄ ነው። ከአምራቹ እስከ ልጅሽ ኪስ ባለው መንገድ ላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

አገር ቤት ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ ሲባል ሰምተናል። «ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት» ይላል ዜናው። እዚያ ነጋዴው የሚፈልገው ክብደት ነው። ውዱን ቅቤ በርካሽ ሙዝ ያበዛዋል። የተጨመረው ነገር ከዋናው ይረክሳል፣ ከዋናውም ይደክማል። በድራግ ገበያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ርካሹ ነገር ከዋናው ይልቅ ኃይለኛ ሆነ። ፌንታኒል ከሄሮይን 50 ጊዜ ገደማ ይበረታል፤ ለመሥራትም ርካሽ ነው። እንደ ሄሮይን የፖፒ አበባ ማሳ አይፈልግም፣ ዝናብ አይጠብቅም፣ ኬሚካል ብቻ ነው የሚፈልገው። ትንሽ ስለሆነ ለማሸሽ ይመቻል። ስለዚህ በሄሮይን ውስጥ ይገባል፣ በሐሰተኛ ክኒን ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዴ ኮኬይን ውስጥም ይገኛል።

ልምድ ለሌለው ሰው 2 ሚሊግራም ለሞት ሊበቃ ይችላል። ጥቂት የጨው ፍሬ ማለት ነው። ሽሮ ስታዘጋጂ ቅመሙ እኩል ካልተዳረሰ አንዱ ጭልፋ ይመራል፣ ሌላው አልጫ ይሆናል። እነዚህ ሰዎችም የሚያቀላቅሉት እንደዚያ ነው፣ በግምት። ከአንድ ላስቲክ ከወጡ አራት ክኒኖች ሦስቱ ምንም ላያደርጉት ይችላሉ። አራተኛው ይገድለዋል። «ትናንት ወስጄ ምንም አልሆንኩም» ማለት ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው።

ዲኢኤ የሚባለው የአሜሪካ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ተቋም ፌንታኒል ያለባቸውን ሐሰተኛ ክኒኖች ሲመረምር፣ በ2023 ከ10ሩ 7ቱ ለሞት የሚያበቃ መጠን ነበራቸው። በ2024 ወደ 5 ወረደ። እንደ ጥሩ ዜና ነው የነገሩን። ከ10 እንጀራ 5ቱ መርዝ የሆነበት ሌማት ላይ ማን እጁን ይዘረጋል?

ልጅሽ ጋንጃ አልፎ አልፎ እንደሚያጨስ አልካደሽም። እሱም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም። በ2019 እዚሁ አሜሪካ ከመንገድ የተገዛ የጋንጃ ቬፕ (ዘይቱን በባትሪ እያሞቀ የሚያተን ማጨሻ) ያጨሱ ወጣቶች ሳንባቸው ተቃጥሎ ሆስፒታል ገቡ። ዋናው ተጠያቂ ዘይቱን ለማወፈር የተጨመረ ቪታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ነገር ነበር። እስከ 2020 መጀመሪያ 2,807 ሰው ሆስፒታል ገብቶ 68 ሰው ሞቷል። ቪታሚን ኢ እኮ ፊት ላይ የምንቀባው ነው። ለቆዳ የሚስማማ ነገር ሳንባ ውስጥ ሲገባ ይሄን አደረገ። በ2018 ደግሞ ኢሊኖይ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጋንጃ ያጨሱ ሰዎች ከአፍንጫና ከድድ ደም አልቆም አላቸው። ሲመረመር የአይጥ መርዝ ነው የተገኘበት።

ኮኬይን ውስጥ የሚገባው ደግሞ የአገር ቤት ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። በግ ያረባ ሰው ቴትራሚሶልን ያውቃል፣ የትል መድኃኒቱን። ሌቫሚሶል የእሱ ግማሽ አካል ነው። እሱን ነው የሚቀላቅሉት። በ2009 አሜሪካ ውስጥ ከተያዘው ኮኬይን 70 በመቶ ያህሉ ይሄ የከብት መድኃኒት ነበረበት። በአንዳንድ ሰው ላይ ነጭ የደም ሴልን ድምጥማጡን ያጠፋል። ቀላል የጉሮሮ ሕመም ወደ ሞት ይለወጣል። የአንዳንዱም ሰው የጆሮ ጫፍ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ሐኪሞች መጀመሪያ ግራ ተጋብተው ነበር፤ ኮኬይን ጆሮ አያጠቁርምና።

አሁን ብዙ የሚወራለት ዛይላዚን ነው። «ትራንክ» ይሉታል። የእንስሳት ሐኪም ፈረስና ላም ሲያክም የሚያስተኛበት መርፌ ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ ከፌንታኒል ጋር ተቀላቅሎ ተስፋፋ። በኤፕሪል 2023 ዋይት ሃውስ ራሱ አዲስ አደጋ ብሎ አወጀው። ቁስል ያመጣል፤ መርፌ ባልተወጋበት ቦታ ሁሉ የሚወጣ፣ እስከ አጥንት የሚዘልቅ ቁስል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ እዚያው ፊላደልፊያ ሜዴቶሚዲን የሚባል ሌላ የእንስሳት ማስተኛ ቦታውን እየወሰደ መጣ። ይሄኛው ሲቋረጥ የደም ግፊት ይተኮሳል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ትውከቱ አያባራም፣ ሰው አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ይገባል። አንዱን ሲከለክሉ ሌላው ይተካል። ዛሬ የምጽፍልሽ ስም ከርሞ አሮጌ ስም ሊሆን ይችላል።

ይሄን ሁሉ የነገርኩሽ ላስፈራራሽ አይደለም። «ልጄ ሱሰኛ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ጥያቄ እንደሆነ እንዲገባሽ ነው። ሱሰኛ ያልሆነ ልጅም በአንድ ክኒን ይሞታል። እንዲያውም ሰውነቱ ስላልለመደ እሱ ይብሳል።

ስለዚህ ዛሬ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ ናርካን ግዢ። ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት ነው፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል። ሁለት መርጫ ያለው ካርቶን ገበያ ላይ ሲወጣ 45 ዶላር ገደማ ነበር። በሜሪላንድ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች በነፃ ይሰጣሉ፤ «ለምን ፈለግሽው?» ብለው አያፋጥጡሽም። ፌንታኒል የሚገድለው ትንፋሽ በማቆም ነው። አንጎል መተንፈስን ይረሳል። ናሎክሶን ያንን ይቀለብሳል።

ስትሠሪ ብዙ አይተሽ ይሆናል፤ ግን ልድገምልሽ። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው የተኛ ይመስላል። ያንኮራፋል፣ ጉሮሮው ይንተከተካል፣ ትንፋሹ ይራራቃል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል። እዚህ አገር ማስተማሪያው ላይ «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል» ይላል። የኛ ሰው ላይ ሰማያዊ አትጠብቂ። አመድ ነው የሚመስለው። ከንፈሩን ገልበጥ አድርገሽ ውስጡን፣ ድዱንና ጥፍሩን እዪ። ስሙን ጠርተሽ፣ የደረቱን መሀል አጥንት በጡጫሽ አንጓ ፈግፍገሽ ካልነቃ 911 ደውዪ። ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገሽ አንዱን መርጫ በአንድ አፍንጫው ጨርሺው። ካልተነፈሰ በአፍሽ አስተንፍሺው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫ። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኚው፣ ጥለሽው አትሂጂ። ናሎክሶን ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ይሠራል፤ ፌንታኒሉ ከዚያ በኋላም ሊኖርና መልሶ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ «ነቅቷል» ብለሽ አምቡላንሱን አትመልሺ። እነዚያን የእንስሳት ማስተኛዎች ናሎክሶን አይሽራቸውም። ቢሆንም ስጪው፣ ፌንታኒሉ አብሮ ስላለ። ምንም ያልወሰደ ሰው ላይ ቢረጭም አይጎዳውም። «ብሳሳትስ?» ብለሽ አታመንቺ።

እኔ የሚያንገበግበኝ «ደክሞት ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» የሚባለው ነው። በኛ ቤት ልጅ ሲተኛ አይቀሰቀስም። ያንኮራፋል ብለው በሩን ቀስ ብለው የዘጉ ወላጆች አሉ።

911 መደወል ፖሊስ ያመጣል ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ሁላችንም እንፈራለን። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ሕይወት ለማዳን የደወለን ሰውና ታማሚውን በድራግ መያዝ ከመከሰስ የሚከላከል ሕግ አላቸው፤ ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም። የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ ሌላ ነው። ልጅሽ ዜጋ ካልሆነ፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ በድራግ ጥፋተኛ መባል እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ከቀረበ «ጥፋተኛ ነኝ በልና ይለቁሃል» የሚል ምክር ከማንም እንዳይቀበል። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ። ለ911 ግን ይሄ ሁሉ አይታሰብም። መጀመሪያ ይተንፍስ።

አሁን ወደ ልጅሽ ልመለስ። «አዋረድከኝ» ብለሽ አትጀምሪ። ከጀመርሽ እሱ በሩን ይዘጋል፣ አንቺም ትናደጃለሽ፣ የምታውቂው ነገር የለም። ሁለታችሁም ባልተራባችሁበት፣ ባልደከማችሁበት ሰዓት፣ መኪና ውስጥ ቢሆን ይሻላል። መኪና ውስጥ ፊት ለፊት መተያየት የለም፤ ወንድ ልጅ እዚያ ይናገራል። «ከማን ገዛኸው?» የሚለውን ተይው ለጊዜው። ስንት ወሰድክ? መቼ? ብቻህን ሆነህ ነው? ወገብህን እውነት ያምሃል? ትተኛለህ? መኖር ሰልችቶሃል? የመጨረሻውን በቀጥታ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለሽ 988 ደውዪ፣ ራስን ማጥፋት ለመከላከል የተዘጋጀ የስልክ መስመር ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቂ። ወገቡን የሚያመው ከሆነ ደግሞ ሐኪም ይየው። ስንቱ ልጅ ነው ኢንሹራንስ እያለው በጓደኛው ክኒን የሚታከመው!

ክኒኑ ውስጥ ፌንታኒል መኖሩን የሚያሳይ የወረቀት መመርመሪያም አለ። ስለሱ ሰምቶ ከሆነ «መርምሬ ነው የምወስደው» ሊልሽ ይችላል። መኖሩን ይናገራል እንጂ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ከክኒኑ አንድ ጥግ ተፍቆ ከተመረመረ ሌላው ጥግ ያመልጠዋል። ሌሎቹን ኬሚካሎችም አያይም። ጨርሶ ከመገመት ይሻላል፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም። ብቻውን፣ በተቆለፈ በር ውስጥ ሆኖ እንዳይወስድም ንገሪው። ይሄን ማለት መፍቀድ አይደለም። ለራሱ ናርካን መርጨት የሚችል ሰው የለም።

ሲያቆም የሚያልበው፣ አፍንጫው የሚፈስ፣ የሚያስቀምጠው፣ የሚቁነጠነጥ ከሆነ ሰውነቱ ለምዶታል ማለት ነው። ያኔ ቁጣም ልመናም አይሠራም፤ ሕክምና ነው የሚሠራው። ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ተራ የቤተሰብ ሐኪም ሊያዝለት ይችላል። የመሞትን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። የት እንደሚታከም የሚጠቁም የፌዴራል ነፃ መስመር አለ፣ 1-800-662-4357፣ ሌት ተቀን ይሠራል።

አገር ቤት ልላከው ያልሽውን ብዙ እናት ይለዋል። እኔ ለቅጣት የተላከ ልጅ ተፈውሶ ሲመለስ ብዙም አላየሁም፤ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ቂም ይዞ ሲመለስ ነው ያየሁት። ጸበሉን ግን አልከለክልሽም። ውሰጂው። መድኃኒት ከጀመረ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። አንድ ነገር ብቻ እወቂ። ሰውነቱ የለመደ ልጅ ጸበል ቦታ ወይም አገር ቤት ወር ሁለት ወር ከቆየ ልማዱ ይጠፋል። ተመልሶ ያንኑ የድሮውን መጠን ከወሰደ ሰውነቱ አይችለውም። ብዙ ሰው የሚሞተው ካቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ናርካን «ተፈወሰ» ብለሽ የምትጥይው አይደለም።

አባቱስ? «ቤታችን ይፈርሳል» ብለሻል። እኔ አባቱን አላውቀውም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን አንቺ የሌሊት ሠራተኛ ነሽ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ልጁ ክፍል ውስጥ ቢያንኮራፋ ቤት ውስጥ ያለው እሱ ነው። ናርካኑ የት እንደተቀመጠ የማያውቅ፣ ለምን እንደሆነም ያልተነገረው ሰው። ስለ ሱስ ማውራት ከከበደሽ በሱ አትጀምሪ። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና «ይሄ አፍንጫ ውስጥ ነው የሚረጨው» በይው። የቀረውን እሱ ይጠይቅሻል። ብቻሽን ከፈራሽ የሚያከብረውን አንድ ሰው፣ የንስሐ አባታችሁን ወይም ታላቅ ወንድምሽን፣ አጠገብሽ አድርጊ።

ልጨርስ ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። ክኒኑን የሰጠው ጓደኛው። እሱም ቤት ውስጥ የራሱ ላስቲክ ይኖረዋል፣ እናትም ይኖረዋል። እሷም ምናልባት የሌሊት ሠራተኛ ናት። ልጅሽን ላለማጋለጥ ብለሽ ዝም ልትዪ ትችያለሽ፣ ይገባኛል። ግን ደውዪላት። ቁጥሯ ከሌለሽ ከልጅሽ አታጪውም።